ማሳ

ያመጧት ገፍተው ነው፤ አራት የሰፈር ልጅ፣
ከዘንባባው ጎዳና እስከ ጋራዤ ደጅ።
ቀይ ፊያት ናት፤ ያረጀች፤ ጣሪያዋ የሸራ፣
ሁለት ሰው ጭና ሦስተኛ የማትጠራ።
ባለቤቷ እንየው ኮፍያውን አውልቆ
እንደ አስታማሚ ቆመ ከበሩ ላይ ርቆ።

«ጠዋት ትነሣለች፤ ቀትር ላይ እንቢ ትላለች፤
ቁልፉን አዞራለሁ፣ ቀጭ ትልና ትተኛለች።
ሲያሻት ደግሞ ማታ፣ ሳልለምናት፣ ትነሣለች።
ይህ ምን ዓይነት በሽታ ነው፣ ሰዓት የሚመርጥ?»
«ወባ ነዋ!» አልሁት፣ ኮፋኖዋን ስገልጥ።
«መጥቶ ይሄዳል፤ ሲሄድ ጤና ይመስላል፤
ሐኪም ቤት በሄድህ ቀን ትኩሳቱ ይጠፋል።»

እውነትም እንዲያ ሆነ። እጄን ገና ሳላሳርፍ
ተነሣች።
እንየው ውሸታም የሆነ መሰለው፤ አልሁት፦ እረፍ።

ባትሪዋን ለካሁት፦ ዐሥራ ሁለት ነጥብ ስድስት።
ሙሉ ነው። ጫፎቹን ፈገፈግሁ፤ ለውጥ የለበት።
ሞተሪኖዋን አወረድሁ፤ ካርቦኑ አላለቀ፣
ጠረጴዛ ላይ ሳስነሣው እንደ ወፍጮ ጮኾ ሳቀ።
የቁልፉን ቤት ፈታሁ፣ ሪሌውን ቀየርሁ፣
ሦስት ቀን ሙሉ በሽታዋን ስጠብቅ ዋልሁ፤
እኔ ባለሁበት አልታመምም አለች፣
ምሳ ልበላ ስወጣ ጥጋቡ ላይ ዘጋች።

በአራተኛው ቀን ግን እኔም አልቸኮልሁም፤
ዕቃ መቀያየር ምርመራ አይባልም።
ሞተሯ ይጋል ብዬ፣ ዓባይን ተሻግረን፣
የዘንዘልማን መንገድ በሦስተኛ ማርሽ ወጥረን፣
እንየው «እዚህ ጋ» ሲል ዳር ይዤ አቆምሁ።
አጠፋኋት። እስከ ሃምሳ ቆጠርሁ።
ቁልፉን አዞርሁ።
ቀጭ።

እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም በሰው ችግር።
«አዙር!» አልሁት እንየውን፤ የቴስተሩን እግር
አንዱን ባትሪው ነጌቲቭ፣ አንዱን ሞተሩ ብረት ላይ ስሰካ፣
ዜሮ መሆን ሲገባው አራት ቮልት ለካ!

ከሆዷ ሥር ገባሁ በጀርባዬ ተኝቼ፤
ከሻንሲ ወደ ሞተር የሚሄደውን ሽቦ አየሁ ባትሪ አብርቼ።
ላዩ ጥቁር ላስቲክ፣ ደኅና ሰው መሳይ፤
ውስጡ አረንጓዴ አመድ፣ በቢላ ሲታይ።
የሐይቁ እርጥበት ዓመት ከዓመት ልሶት፣
ሲበርድ በሁለት ክር ተይዞ፣ ሲግል ያም ክር ለቅቆት።

«ማሳዋ ነው!» ብዬ ጮህሁ ከሥሯ ሳልወጣ።
«ማሳ የላትም! ማሳ ያጣ ምን ይነሣ፣ ምን ይምጣ?»

መልስ የለም። አንገቴን ጠምዝዤ ብሳይ፣
የእንየው ጫማ ቆሟል ከአስፋልቱ ዳር ላይ፤
ወደ እኔ አይደለም ግን የጫማው አፍንጫ፣
ወደ ብሎኬት ፋብሪካው ነው፣ ወደ ጠጠር መፍጫ።

«እዚህ ነበር» አለ። «አባቴ ዳጉሳ፣
እኔ ጤፍ አጨድን። አንድ ቀን ‹ለልማት ተነሣ›
ተባለ፤ ተነሣ። ጣቱን ነክሮ ፈረመ።
‹ተነሺ› ተብሎ ስማችን ታተመ።
በካሳው ወንድሜ ሚኒባስ፣ እህቴ ሱቅ ገዛች፤
እኔ ይህችን። ምን ላድርግ፣ ቀይ ነበረች።
አባቴ አንድ ጊዜ፣ አንዴ ብቻ ወጣባት፤
‹ምን ትጭናለች?› አለኝ፤ ወርዶ ዞሮም አላያት።»

ምን ይባላል? ዝገት ዓይኔ ውስጥ ገብቷል፤
ከመኪና ሥር ተጋድሞ ማን ሰውን ያጽናናል?
«ዐሥራ ሦስት ቁልፍ አቀብለኝ» አልሁት።
ተንበርክኮ ሰጠኝ። መዳፉ አፈሩ ላይ ቆየ።

ብረቱን ፋቅሁት እስኪያበራ፤ ከአይሱዙ ወፍራም ሽቦ ቆርጬ
አሰርሁት፣ ከነላቤ፣ እንደ ወላድ አምጬ።
ቴስተሩ ዜሮ አለ። እዚህ ላይ ዜሮ ጤና ነው።
«በል አዙረው።»

ቁልፉን ያዘ። አላዞረም። ጥቂት ጠበቀ፤
መፍጫው ድንጋይ እያላመጠ፣ አቧራው ፀሐይን እየሰረቀ።
ከዚያ መሪዋን እንደ ጊደር ትከሻ ዳበሰና፣
ዝቅ ባለ ድምፅ «ተነሺ» አላት፣ «ተነሺ እንግዲህ፣ ደኅና።»

ተነሣች።

ስንመለስ አላወራንም። ድልድዩ ላይ የዓሣ ሽታ።
ያችን ዝገት የበላትን ቁራጭ ሽቦ ኪሱ ከተታት በዝምታ።
ለምን እንደሆነ አልጠየቅሁም። የእጄን ተቀበልሁ ማታ።