ግልባጭ

ሐሙስ ከሰዓት ላይ ደብዳቤው ደረሰኝ፤
«ለሥራው ሲባል» ብሎ ከጅዳ አነሣኝ።
ወዴት? አይልም።
«ምድብዎ በቅርቡ ይገለጻል»፤ ፊርማ፤ ማኅተም።

ስምንት ዓመት ሙሉ ከመስኮቱ ኋላ
ሊሴ ፓሴ ጻፍኩኝ ለሚሄደው ሁላ፤
«ታገሡ፣ ይጣራል» ስል ኖሬ ለሰልፈኛ፣
ዛሬ ቃሌ ዞሮ እላዬ ላይ ተኛ።

ግልባጭ፦ ለፋይናንስ፣
ለንብረት ክፍል፣ ለመዝገብ ቤት።
ኤሲው በሚያንጠባጥበው ውኃ ያሳደግኋት ኒም
በንብረት ዝርዝር የለችም።
ለናርዶስም ግልባጭ የለም።

ከበቃላው ካርቶን ለምኜ ብመጣም
አንዱንም አላሸግሁም፤
ምን ይታሸጋል? ለብርድ ነው ለሙቀት?

ናርዶስ ሁለት ቀኗ፣
የወለቀ ጥርሷን በሶፍት ጠቅልላ
«የምንሄድበት ቤት ጣራ አለው?» ትለኛለች፤
የምትወረውርበት።
እዚህ ስድስተኛ ፎቅ ነን።