ሁለት ሰከንድ

ኤቫሪሽቱ፣ መልክህን አላውቅም፤
ስቀጠር ሞተሃል፣ ስምህ ግን አይለቅም፤
ከፋይሉ ራስጌ፣ ከመጀመሪያው መስመር
«በጥር ጻፍኩት» ይላል፣
«ማሞቂያው ተሰብሮ፣ ጣቴ ደንዝዞ ነበር።»

ዶስ ነበር ያን ጊዜ። ጥቁር መስታወት ላይ
አረንጓዴ ፊደል ብልጭ ሲል ሲታይ፣
ኮቪልያ፣ ከተራራው ጥግ፣ የብርድ ልብስ አገር፣
የሽመና ማሽኑ ሁሉ ለቃልህ ያድር ነበር።

ዊንዶውስ ሲመጣ ፕሮግራምህ ደነገጠ፤
«የአታሚው ቀዳዳ ወዴት ነው?» እያለ
እንደ እንግዳ ሰው መንገድ ላይ ፈጠጠ።
ቀዳዳው የለም፤ ከተደፈነ ቆየ።
እኔ መሐል ገባሁ፤
ለፕሮግራምህ «አለ፣ ይኸውልህ» እያልኩ፣
ለአዲሱ «ተወው፣ ሽማግሌ ነው» እያልኩ
አስማማኋቸው።
ደሞዜም ለዚህ ነው፦ ዋሽቶ ማስታረቅ።

ደግሞ የባለቤቱ የወንድም ልጅ ፍሬዴሪኩ
«ሊኑክስ ነፃ ነው» ብሎ
ሌሊቱን ሲገለብጥ አደረ፤
ማለዳ የኔ ስልክ ጮኸ።
ክሩ ይበጠሳል፤ መወርወሪያው ይቀድማል።
ሰዓት አልነበረህምና፣ ማሽኑን ለማስጠበቅ
«እስከ አርባ ሺህ ቁጠር፣ ከዚያ ወርውር» ብለኸዋል።
የድሮው እንደ መቁጠሪያ ጨሌ
አንድ በአንድ ያንከባልላል፤
አዲሱ ግን ገና «አንድ» ሳትለው ጨርሷል።
ሰዓት ሰጠሁት። ረጋ።

አንዲት መስመር ቀረች፣ በየብርድ ልብሱ ጫፍ፦
«ሁለት ሰከንድ ቁም። አትንኳት።»
ምክንያት አልጻፍክላትም።
ክር አትጠብቅ፣ ማሽን አትጠብቅ።
ሰረዝኳት። ምንም አልሆነም።

ዙልሚራ ከቋጠሮ ክፍል ጡረታ ከወጣች አስር ዓመቷ፤
ቁርጥራጭ ሱፍ ልትለምን መጥታ
ደጃፉ ላይ ቆመች፣ አዳመጠች፤
«ምን አደረጋችሁት? አይተነፍስም» አለች።

«ያቺ ፋታ የግራሲንዳ ናት።
ማበጠሪያው ሁለት ጣቷን ወስዶ፣
ጫፉን ቋጥራ ሳትጨርስ
ቀጣዩ ይደርስባት ነበር።
አለቃው ሊያባርራት ሲል
ኤቫሪሽቱ ትንፍሽ አላለም፤
ማታ ቁጭ ብሎ ማሽኑን አዘገየው።»

ግራሲንዳም የለች።
ዛሬ ጫፉን የሚቋጥረው ሌላ ማሽን ነው።
ቢሆንም መለስኳት፤
ከ«አትንኳት» በታች
«ነክቻት ነበር፣ ይቅርታ» ብዬ ጻፍኩ።

ፍሬዴሪኩ ሒሳብ ሠርቶ መጣ፦
«በቀን አስራ አንድ ደቂቃ
የት ነው የሚገባው?»
«ተኳኋኝነት ነው» አልኩት።
ቃሉ ረዘመበት መሰል
ራሱን ነቅንቆ ወጣ።