ኮሽታ

ሞጣ ገበያ ዳር፣ ከቆርቆሮው ጥላ፣
አንጓች ትሰፋለች ቁርጥራጭ ቆልላ፤
የሰርገኛው ገበር፣ የገበሬው ቁምጣ፣
ከተማሪ ሸሚዝ ሲቆረጥ የወጣ፣
ቢጫው የኑግ አበባ፣ ቀዩ የቡሬ በርበሬ፤
ጥራጊ ነበረ ይህ ሁሉ እስከ ዛሬ።

ከስር የዘረጋችው የይሁኔ ፈተና ነው፤
ሒሳብ፣ አርባ ሦስት፣ መምህሩ በቀይ የከበበው።
ጀርባውን ገልብጣ፣ በእርሳስ አስምራ፣
ጨርቅ ታለብሰዋለች በተራ በተራ።

ሹሉ ምሕረት የለው፤ አንዲት ክር ካለፈ
የኮከቡ አፍንጫ ተቆርጦ አረፈ።
ቅስቱ ላይ ስትደርስ ግን እግሯ ዘገም አለ፤
«ዓባይስ ጎጃምን መች ለሁለት ከፈለ?
ዞሮት ነው፣» አለችኝ።

«ድሪቶ ነው እንዴ?» አለች ጎረቤቷ።
ክር ነክሳ ነበረች፤ ዝም አለ አንደበቷ።

ሰፍታ ስትጨርስ ወረቀቱን ቀደደች፤
አርባው ወዲያ፣ ሦስቱ ወዲህ ረገፉ፤
አንዲት ቀይ ጭረት ግን
ከሹሉ ስር ቀረች።

ሌሊት፣ ይሁኔ ብርድ ልብሱ ውስጥ ሲገላበጥ፣
ኮሽ ትላለች።