የተረሳ የእርሳስ ቦርሳ

የሌዳሞ እናት
ሐይቁ ዳር ካለው ሆቴል አልጋ አንጣፊ ናት።
እንግዳ ሲሄድ የረሳውን
ትሰበስባለች፤ ነጠላ ካልሲውን፣
ግማሽ ሽቶውን፣ የስልክ ገመዱን፤
ለመቀበያው ታስረክባለች፣ ሳታስቀር አንዱን።
ከስብሰባ አዳራሽ የተረፈውን እስክሪብቶ ግን
«ለልጅሽ ውሰጂው» ይሏታል።
ለዚህ ነው የኔ ክፍል፣ አርባ ሁለት ልጅ፣
ስለ አጎበር፣ ስለ ንጹሕ ውኃ፣ ስለ ንብ እርባታ
በሚሰብክ ብዕር
ሲያባዛ የሚውለው፣ ሲቀንስ፣ ሲደምር።

አንድ ሰኞ ታዲያ ሌዳሞ ሲመጣ
ከደብተሩ መሐል ቦርሳ አወጣ፤
ስንዝር የማይሞላ፣ ዚፑ ቢጫ።
«ቲቸር፣ ሃያ ሦስት ቁጥር የተኛች ልጅ ናት የረሳችው።
አድራሻዋ እስኪገኝ ነው። እስከ ዓርብ ብቻ።»

ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፍኩት።
አንገቱን አስግጎ ከበበኝ ክፍሉ፣
አሞራ ገደል ላይ የዓሣ አንጀት እንደሚጠብቅ አባ ኮዳ፤
የቦርሳው ጎን ላይ የተጠለፈውን ስም አነበብኩላቸው፦ «ፍሪዳ።»
ሳቁ ጣሪያውን አነሳው።
«ለየትኛው በዓል ነች?» አለች አንዷ ከኋላ፣
እኔም ሳቅሁ፣ መቆጣቱን ትቼ ለሌላ።

የፍሪዳ አባት መንገድ አይደክመው ይሆናል፤
ዕቃዋ ከየአገሩ ተለቅሟል።
ሆዱ ቀለም የሚጠጣ፣ ምላሱ ብረት፣ ያገሯ የጀርመን ብዕር፤
ጠቅ ሲሉት የሚረዝም፣ ምላጭ የማያውቅ፣ የጃፓን እርሳስ፤
የህንዱ ደግሞ ከጋዜጣ የተጠቀለለ፣
ሲቀርጹት ወሬ የሚረግፍ።
አንድ ጉድም አለ፦ በሰማያዊ የተጻፈውን
እንዳልተጻፈ የሚያደርግ።
ልጆቹ እሱን ፈሩት። እኔም።

«እኛስ?» አልኩ።
«እርሳስ በምላጭ ለሁለት ይከፈላል፣ ግማሹ ለእህቴ!»
«ሲያጥር ቀለሙ ባለቀ እስክሪብቶ ቀፎ ይሰካል!»
«ላጲስ ከሌለ የሸበጥ ተረከዝ አለ!»
እስክሪብቶ ሲደርቅ በመዳፍ ታሽቶ፣
በትንፋሽ ሞቆ፣
እንደ ታመመ ጫጩት ይድናል።
ቀዩ የኔ ነው። በቀይ የሚጽፍ ተማሪ የለም፤
ቀይ የፈራጅ ቀለም።

ሌዳሞ የጀርመኑን አነሳ። ተጠንቅቆ፣
ምላሱን ነክሶ፣ «ሀ» ብሎ ጀመረ።
ወረቀታችን ስስ ነው፤ ቀለሙ ሰመጠ፣
ሁለት ገጽ ዘልቆ
የትናንቱን ሒሳብ አጠቆረ።
«ቲቸር፣ ብዕሩ ነው የተበላሸው ወይስ ደብተሬ?»

መልሱን እስካሁን አላገኘሁትም።
የነሱ ፊደል እጅ ለእጅ ተያይዞ ይነጉዳል፣
ብዕሩም ሳይነሳ ይፈስሳል፤
የኛ ፊደል ለየራሱ ይቆማል፣
እጃችን በያንዳንዱ ላይ ወርዶ ይነሳል፣
እንደ ታንኳ ቀዛፊ።
ይህን ልነግረው ነበር። ደወል ተደወለ።

ዓርብ ዕለት ቆጥረን መለስን። አንድም አልጎደለም።
አንድ ግን ተርፏል።
ዚፑን ልዘጋ ስል አየሁት፦
«ከወባ እንጠበቅ» የሚል ቀፎ ውስጥ የተሰካ፣
የጣት አንጓ የሚያህል፣ ጥርስ ያረፈበት፣ ቁራጭ እርሳስ።
ሌዳሞን አየሁት። እሱ መስኮቱን ያያል።
ላወጣው እጄን ሰደድኩ፤
መልሼ ሰበሰብኩ።

ይኸው ሄደ በፖስታ።
ፍሪዳ ትከፍተው ይሆናል፣ ትስቅ ይሆናል፤
ወይ እናቷ ቆሻሻ መስሏት ጥላዋለች።
ስሙ እንደሁ «እርሳ» እያለ ነው የሚጠራው፤
ማስታወስ ሆኖ ሳለ ሥራው።

ሰኞ ሌዳሞ ባዶ እጁን መጣ፤
ባዶነቱንም ዴስክ ሥር ደበቀ።
ኪሴ ውስጥ የነበረው አንድ ብቻ ነው። ቀዩን ሰጠሁት።
የዕለቱን ትምህርት ከላይ እስከ ታች
በፈራጅ ቀለም ጻፈው፣ ቀና ብሎ።

እኔም ማታ፣ ከጎረቤት ተውሼ፣
በሰማያዊ አረምኩት።