ሰባት ልባስ

ጭጋጉ ከተራራው ወርዶ ክላክስቪክን ሲያለብስ፣
ሱንቫ መጣች ዛሬ፣ ደንቡ በብብቷ፣
አዲሷን የፋይበር ጀልባ ልትዳስስ።
ትንሽ መዶሻ አላት፣ የልጅ መጫወቻ የሚያህል፤
ቀፎውን ታንኳኳና ጆሮዋን ትጥላለች፣
"ቤቶች" እንደሚል ጎረቤት።
ጤነኛው ቃጭል ነው፤
አየር የቋጠረው የታፈነ ሳል።

እኔ ሃኑስ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙጫ ከማጠንከሪያ ያጋባሁ፣
በጢሜም በሳንባዬም የመስታወት ብናኝ ያረባሁ፣
እጄን ወደኋላ አጣምሬ፣ እንደ ተፈታኝ ቆሜ አያታለሁ።

ደንቡን እንደ ዳዊት በቃሌ እወጣዋለሁ፦
ከዐሥራ ስድስት ዲግሪ በታች ሙጫ አትንካ፤
ጨርቅህ እርጥበት አይቅመስ፤ ማጠንከሪያ በግምት አትለካ፤
ጎድን ከቀፎ ሲገናኝ ጥጉን ሞልተህ አለዝበው፣
ባሕር ስለታም ማዕዘን ሲያገኝ ከዚያ ነው የሚጀምረው፤
ከአከርካሪዋ ላይ የግራው ጨርቅ በቀኙ ይንተራስ፤
ሆዷም ሰባት ልባስ።
ማን እንደ ጻፈው አላውቅም። ብቻ እያንዳንዱ አንቀጽ
የሆነ ሰው እራቱ በርዶ ያደረበት ሌሊት ይመስለኛል።

"ክቡን አምጣ" አለች።
የሞተሩ ውሃ መሳቢያ እንዲያልፍ ከሆዷ የቆረጥነውን፣
የእጅ ሰዓት ፊት የሚያህል፣ ደንቡ "እንዳትጥለው" የሚለውን።
ምድጃ ውስጥ ከተተችው። ሙጫው ጠቆረ፣ ጨሰ፣ ነደደ።
ሰሙ ሄዶ የቀረው ወርቅ አልነበረም፤
ነጭ ጨርቅ ነበር፣ እንደ ሽማግሌ ፀጉር የሳሳ፤
በወረንጦ ገለጠችው፣ ድምጿን ሳታነሳ፦
አንድ። ሁለት። ሦስት።
ከንፈሬ አብሯት ይቆጥራል፤ ላብ ወረደ በአንገቴ፤
የሠራሁትን እያወቅሁ፣ ምን ነካው ጉልበቴ?
አራት። አምስት።
አምስት ላይ ወረንጦው ትንሽ ቆመ።
ስድስት። ሰባት።
"ግሩም ነው" ብላ ፈረመች፤ ጓንቷን አጥልቃ ሄደች።

ግሩም ነው።
ቴርናን ግን ማን ቆጠራት?

ስድስት ዓመት አለፈ። የካቲት ነበር፤ ማሞቂያው ተበላሽቶ፣
የባንኩ ደብዳቤ ጠረጴዛዬ ላይ፣ የሙጫው በርሜል ተሟጦ።
"ይህን ደንብ የጻፉት ፈሪዎች ናቸው" አልኩ ለራሴ፣
"ሁለት ጨርቅ ቢጎድል ማንን ገደለ?"
አምስት አለበስኳትና ላይዋን በነጭ ቀለም ኳልኳት።
ክቧን ያኔ የጠየቀኝ የለም፤ ከወደቡ ጫፍ ወረወርኳት፤
ሰመጠች፣ ቶሎ፣ እንደ ሳንቲም።

ሆግኒ በየዓመቱ ነፋስ ያደረቀው የበግ ጭን ያመጣልኛል፤
"እጅህ ይባረክ፣ ጀልባዬ ዐለት ናት" ይለኛል።
እበላለሁ። ጨው ይበዛብኛል።
እውነት እያደር ይጠራል ይላሉ፤
ቀፎ ግን እያደር ነው የሚደክም፣
በየማዕበሉ አንድ ክር፣ ደግሞ አንድ ክር፣ ማንም ሳይሰማ።

ዛሬ ማታ ሬድዮኑ ነፋሱን ከሰሜን ምዕራብ ጠራው።
ጃኬቴን ሳላወልቅ መነጋገሪያውን አነሣሁ።
"ቴርና፣ ቴርና፣ ሃኑስ ነኝ።"
"አለሁ! ከካልሶይ በስተሰሜን፣ መንጠቆ እየሳብን ነው።"
"ቁረጠውና ግባ።"
"ምን ሆነሃል? ሞተሩ እንደ ሰዓት ነው የሚመታው!"
ምላሴ ላይ ያ የበግ ጨው መጣ።
"ሆግኒ" አልኩት፣
"የሁለት ልባስ ዕዳ አለብኝ።"

መልስ የለም። አዝራሩን ግን አልለቀቀም፤
ማዕበሉ ቀፎዋን ሲያንኳኳ ይሰማል፣
ቤቶች፣ ቤቶች፤
ጆሮዬን አስጠጋሁ።