ኖራ

ራጁን በፖስታው ይዤ፣ እናቴን በግራ ክንዷ፣
ከአራት ኪሎው ክሊኒክ ወረድን፤ በየደረጃው መቆም ልማዷ፣
መሬቱን ሳይሆን እግሯን እየጠረጠረች።
ቀኝ እጇ በጄሶ ነው፤ እንደ አደራ ልጅ አቅፋዋለች።

ትናንት ነው የወደቀችው። ከፎቅ አይደለም፣ ከመኪና፤
ከቆመችበት፣ ፒያሳ ላይ፣ የተነቀለች ጡብ ረግጣና
እጇን ስትዘረጋ ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማች፤
የሌላ ሰው መስሏት ዞራ አየች።

ዶክተር ሐመልማል ፊልሙን መብራቱ ላይ ሰቅላ፣
«ስንጥቁስ ይድናል» አለች፤ «ዙሪያው ነው ያሠጋኝ፣ ይኼ ጥላ።
ነጭ መሆን ነበረበት። ግድግዳው ቆሟል፣ እማማ፤
የረገፈው ኖራው ነው። ምን ይመገባሉ? ወተት ይጠጣሉ?»

እናቴ በወተቱ ሣቀች።

ሠላሳ ሦስት ዓመት የኬክ ቤት ካሸር ነበረች፣
ፀሐይ በማይዞርበት ጥግ፣ ከመስታወት ጀርባ፤
ለጠበቃው፣ ለተማሪው፣ ፍቅረኛው ለቀረችበት ጎልማሳ
የትኩስ ወተት ቲኬት ስትቆርጥ ውላ ስትገባ፣
ማታ ሒሳብ ሲዘጋ አምስት ሳንቲም ጎድሏት አያውቅም።
ሻይ በዳቦ ነው ቁርሷ፤ ምሳዋም ከዚያ አይርቅም።
ለራሷ የቆረጠችው ቲኬት አንድም የለም።
ስትወጣም በጃንጥላ ነው፣ «ፊቴ እንዳይጠቁር» እያለች፤
ፀሐይን እንደ አበዳሪ በሌላ መንገድ እየሸሸች።

«ደም ብድር አያሳድርም» አለች ዶክተሯ፣ ወንበሯን አቅርባ፤
«ልብ ያለ ካልሲየም አይመታም። በአፍ ካልገባ
ከአጥንት ወጪ ያደርጋል፤ ዛሬ ጥቂት፣ ነገ ጥቂት፣
ፊርማ የለው፣ ደረሰኝ የለው። ሴት ስታርጥ ደግሞ
ወጪው ይፈጥናል።»

በሽታ ሲባል ያልደነገጠች ሴት
ወጪ ሲባል ቀና አለች።
«ስንት ጎደለብኝ?»
ይኼን ቃል ከአፏ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

«ጾሙስ?» አለች ቀጥላ።
«ጾሙን ማን ነካው? ጎመን አለ፣ ሰሊጥ አለ፣
ጤፉም የራሱን ይዞ ነው የመጣ።»
«ጤፉን ሩዝ እየቀላቀልኩበት ነው፣ ልጄ፤ ዋጋው ሰማይ ወጣ።»
ዶክተሯ እስክርቢቶዋን ከፈተች፤ መልሳ ከደነች።
ለዚህ የምትጽፈው ማዘዣ አጣች።

እኛ አራት ነን።
በሆዷ ዘጠኝ ዘጠኝ ወር፣ በጡቷ ሁለት ሁለት ዓመት፤
ከየት እንደምናወጣ አንዳችንም አልጠየቅናት።
እዚያው ወንበር ላይ ሆኜ በምላሴ ጥርሴን ቆጠርኩ፤
ሠላሳ ሁለት፣ አንድ ያልተነቀለ።
ከማን ሒሳብ ተነሡ?

አጥንት የሚቆጥሩ ዘመዶች አሉን፣ በሰርግ በለቅሶ፣
ሰባት ቤት ወደ ኋላ፣ ማን ከማን እንደ ወረደ ጨርሶ፤
የእሷን የቆጠረላት ግን
ይኼ በፖስታ ያለው ጥቁር ወረቀት ብቻ።

ፒያሳ ደረስን። አንድ አሮጌ ፎቅ፣ ግማሹ ፈርሶ፣
በረንዳው ሰማይ ላይ የቀረ፣ ልስኑ ተቀርፎ አልቆ።
በግራ እጇ ግድግዳውን ዳሰሰች፤ ጣቷ ነጣ።
አየችው፣ በቀሚሷ ጠረገችው፣
«ኖራ፣ ኖራ፣ ኖራዋ አለቀ» አለች።

ስለ ቤቷ ነው፣ አልኩ ለራሴ።

ጥቂት እንደ ሄድን «ጃንጥላውን ዝጊው» አለችኝ።
ዘጋሁት። የረፋዱ ፀሐይ ግንባሯ ላይ አረፈ፤
ዐይኗን ጨፈን አደረገች፣
እንግዳ በሯን አንኳኩቶባት ማን ነው እንደምትል።

የድሮ ኬክ ቤቷ ገባን። ካሸሯ ልጅ አታውቃትም።
«አንድ ትኩስ ወተት ቁረጪልኝ።»
«እማዬ፣ ዛሬ ረቡዕ ነው» አልኳት በሹክሹክታ።
«ለነገ ነው» አለች፣
ቲኬቱን በጄሶውና በመዳፏ መካከል ሸጉጣ።

ከዚያ መልሱን ባንኮኒው ላይ ዘርግታ
በግራ እጇ ቆጠረች። አንዴ። ደግሞ ሌላ ጊዜ።
ከኋላችን ሰልፉ ረዘመ።
«አንድ ብር ጎድሏል» አለቻት።