አርባ ሦስተኛው

ይማም ትኬት ቆራጩ፣ በብረቱ በር ሽንቁር፣
«አርባ ሦስተኛ ነህ» አለኝ፣ የሃምሳ ብሬን መልስ ሲቆጥር።
ቅዳሜ ነው፣ ዘጠኝ ሰዓት። ኮምቦልቻ በሙቀት ተኝቷል፤
ገሚሱ ሰው ፈረቃ ላይ፣ ገሚሱ ደሴ ወጥቷል።
የሐረጎ ጉም እላይ ቀርቷል፣ እኛ ዘንድ አይወርድም፤
የቦርከና ሴቶች ሲጫወቱ የሚዘጋ ሱቅ የለም።

ሠላሳ አንድ ዓመት ሸማኔ ነበርኩ፣ በጨርቃ ጨርቁ ፋብሪካ፤
መወርወሪያው ሲመላለስ፣ ጆሮዬን በልቶት ኖሯል ለካ።
ግራው ጨርሶ ሞቷል፣ ቀኙ እንደ ነገሩ ነው፤
ሰው ቢያማኝ እንኳ፣ ከሩቅ ሳየው፣ የሚመርቀኝ ነው የሚመስለው።
ይህን የማወራው አዘኔታ ፈልጌ አይደለም፤
ከበሮውን በእግሬ ነው የሰማሁት ለማለት ነው፣ ሌላ የለም።

እስከ ዛሬ ከውጭ ነበርኩ፣ ከቆርቆሮው አጥር ጀርባ፣
ምስማር በበሳው ቀዳዳ፣ በአንድ ዓይን፣ እንደ ሌባ።
«ሴት ልጅ በቁምጣ?» ብዬ፣ ያኔ ታኬታዋን ወርውሬባት፣
ጎረቤት ነው ያነሣው እንጂ፣ እኔ መች አንሥቼላት!
ሁለት ዓመት ሙሉ በቀዳዳው፣ ግራ መስመር ላይ ስትሮጥ
ዘምዘምን አየሁ፤ ግማሽ ሜዳ ብቻ፣ የቀረውን አጥሩ ሲውጥ።
ኳስ ይዛ ወደ ማዕዘኑ ስትሄድ ትጠፋብኛለች፤
ከዚያ ሰው ሲነሣ አያለሁ። አገባች? አሻማች? ሳተች?
«ልጅህ አገባች!» ይለኝ ነበር ይማም፣ ሲወጣ እየሳቀብኝ፤
በሰው ቤት የሠርግ ወሬ ነው፣ በእኔ ቤት ጎል ሆነብኝ።

ዛሬ ገባሁ። ዛሬ ደግሞ (እዩልኝ የአላህን ነገር)
ዘምዘም ጉልበቷን በፋሻ ጠቅልላ፣ ከተቀያሪዎች ሰፈር።
ትኬቴን ይዤ ልመለስ አልኩና አፈርኩ፤
አርባ ሦስተኛ ተብዬ የለ? ሄጄ ከደረጃው ሰፈርኩ።

አጠገቤ ሉባባ ናት፣ ቆሎ ሻጯ፣ በጨዋታ ሰዓት የማትሸጥ፤
«ቆይ፣ እረፍት ይድረስ!» ትላለች፣ ደንበኛ ብሩን ይዞ ቢያፈጥ።
ከበሮ መቺው እንድሪስ፣ ባጃጁን ከበር ያቆመ፣
ደመወዛቸው ሦስት ወር ሲዘገይ፣ ከየቤቱ ጤፍ የለቀመ።
አንድ ጡረተኛ መምህር፣ አንድ ቄስ ከነጥላቸው፣
ስም እየጠሩ የሚቆጧቸው፣ ስም እየጠሩ የሚመርቋቸው።

እንግዶቹ አንድ አግብተዋል። ሰማንያ ስምንተኛው ደቂቃ፣
ጦይባ፣ የደሴዋ ልጅ፣ ሁለቱን መሐል ለመሐል ሰንጥቃ፣
ሳጥን ውስጥ ጣሏት።
ፊሽካው አልተሰማኝም፤ የዳኛዋን እጅ ነው ያየሁት፣
ነጩን ነጥብ ስታመለክት። ተነሣሁ። እኔው ነኝ የጮኽሁት?
ሉባባ ቆሎዋን ደፋች። እንድሪስ እጁን አንሥቶ ቆመ፤
ሲሚንቶው ከእግሬ ሥር፣ መብራት እንደሄደበት ማሽን፣ ዝም አለ፣ ተዳከመ።
ጦይባ ራሷ መታቻት። ኳሷ አግዳሚውን ነክታ
ወደ ወንዙ ነው የሄደችው፣ አጥሩን ተሻግራ፣ ወጥታ።

ማንም አልሄደም። የገረመኝ እሱ ነው። አርባ ሦስታችንም፣
እንድሪስ እንደገና ሲጀምር፣ ተቀምጠን አልቀረንም።
«ጦይባ! ጦይባ!» አልን። እሷ ሣሩ ላይ ተደፍታለች፤
ጓደኞቿ አነሷት፣ ፊቷን በማልያዋ ሸፍናለች።
የማን ልጅ እንደሆነች አላውቅም፤ ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ ጠራኋት፣
የገዛ ልጄን፣ በዚህ ሜዳ፣ አንድ ቀን እንዲህ ሳልጠራት።

አለቀ፤ አንድ ለዜሮ። እንድሪስ ባጃጁን ሊያስነሣ ሄደ፤
እላይ የቀረው ጉም፣ ዝናብ ሆኖ፣ ከሐረጎ ወረደ።
ልጄ እያነከሰች መጣች፣ የእኛ ደረጃ ድረስ፤
አላየችኝም ብዬ ነበር፣ ከቄሱ ጥላ ሥር ሳጎነብስ።
ከጎኔ ቆመች፣ በግራዬ። ፊቷ ወደ ሜዳው ነበር።
አንድ ነገር አወራች፣ ረጅም ነገር፣ ሰው ከራሱ ጋር እንደሚነጋገር።
ያ ጆሮ እንደሞተ ታውቃለች፤ ከሕፃንነቷ ታውቃለች።
ዙሪ አላልኳትም። ትከሻዋ ሲረግብ አየሁ። ጨረሰች።

«እሺ» አልኳት።

የሚመጣው ቅዳሜም እዚሁ ነው። ይማም ነገረኝ፣
ጮክ ብሎ፣ በቀኝ።